አቤቱታዬን አላነሣም

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ጎንበስ ብለህ ጫማህን እንድታስር ፈቀደልህ ወይስ ዛሬም ባለቤትህ ናት የምታስርልህ? እሷስ እንዴት ናት? የዓይኗ ሕክምና አለቀላት? ልጆቹስ? አማትህስ ከሬዲዮው ጋር የሚገጥሙትን ክርክር ቀጥለዋል? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው አካላቴ ሥራውን ይሠራል። ልጅህም ደኅና ናት፤ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ከእኔም ጋር ትነጋገራለች። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩልህ የቀረውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ነው።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «እትዬ፣ በአባታችን አጥንት ይዤሻለሁ፣ ያቺን ወረቀት አንሺ፤ የገዛ ሥጋሽን በገዛ እጅሽ ልትቀብሪ ነው?» ብለሃል። ነገሩን ስታድበሰብስ ከረመች እንዳትለኝ መልሴን እዚሁ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አላነሣም። አንተ የሰማኸው ግማሹን ነው፤ እሱንም በስልክ፣ በለቅሶ መሀል። እኔ ከመጀመሪያው ልጻፍልህ፤ ከዚያ በኋላ ብትቆጣ ቁጣህን እቀበላለሁ።

ልጅህ የሥነ ልቦና ትምህርቷን ለመጨረስ የሚቀራት የመመረቂያ ጥናቷ ብቻ እንደነበረ ታውቃለህ። ጥናቱ ስለ ሽማግሌዎችና ስለ አሮጊቶች የማስታወስ ችሎታ ነው። ሃያ አራት ሰው ያስፈልጋት ነበር። የስምምነት ቅጿን ይዛ የሰፈራችን ጡረተኞች አዳራሽ በር ላይ ሳምንት ሙሉ ቆመች፤ አራት ሰው ብቻ ፈረመላት። የቀሩት «ደግሞ አሁን ምን ቀረን ብላችሁ ነው የምትወስዱብን?» እያሉ ቼዝና ጋዜጣቸውን ቀጠሉ። ፊቷን ጥላ ስትመጣ አሳዘነችኝና በማግሥቱ አብሬያት ሄድኩ። ጠረጴዛውን በእጄ መትቼ «ይቺ የወንድሜ ልጅ ናት፤ ከእኔ ቤት ነው ወጥታ የምትገባው፤ አትዋሻችሁም፤ ፈርሙ» አልኳቸው። ሃያ ሰው ፈረመ። አየህ፣ እነዚያ ሃያ ሰዎች የፈረሙት ለእሷ አይደለም፤ ለእኔ ቃል ነው።

ፈተናው የሚሰጠው ከአዳራሹ ጀርባ፣ ወንበር ይከመርባት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ልጅህ አሥራ አምስት ቃላት ቀስ ብላ ታነብልሃለች፤ የያዝከውን ያህል መልሰህ ትነግራታለህ። ከዚያ ወጣ ብላ ትመለስና የታሸገ ፖስታ ትሰጥሃለች። ውስጡ የትምህርት ክፍሉ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አለ፤ ከዕድሜ እኩዮችህ አንጻር አእምሮህ የት ላይ እንዳለ ይናገራል። ሻይ ጠጥተህ ስታበቃ ሁለተኛ ዝርዝር ይነበብልሃል። ሰው ሁሉ ተፈትኖ እስኪያበቃ ድረስ እርስ በርሳችን እንዳናወራ አጥብቃ አስጠንቅቃናለች።

የእኔ ወረቀት «ከዕድሜዎ እጅግ የላቀ» ይላል። ደረቴን ነፍቼ ሁለት ገጽ ሙሉ የጻፍኩልህን ታስታውሳለህ። እባክህ ያን ደብዳቤ ቅደደው።

አሁን ስለ ልብስ ሰፊዋ ልንገርህ። በአንድ ግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት። አርባ ዓመት ስትሰፋ የደንበኛ ልክ ወረቀት ላይ አስፍራ አታውቅም፤ የሰው ሁሉ ወገብና እጅጌ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። በየጠዋቱ በግድግዳው የምሰማው የስፌት መኪናዋ ድምፅ አራት ቀን ሲጠፋብኝ ታማ እንደሆነ ብዬ ሄድኩ። ጨርቁ ሁሉ ተጣጥፎ፣ በየላዩ የባለቤቱ ስም በመርፌ ተይዞ አገኘሁት። ደንበኞቿን «ኑና ውሰዱ፣ ሌላ ሰፊ ፈልጉ» ብላ ልካባቸዋለች። አዲስ ደብተር ገዝታ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የገዛ ቤቷን አድራሻ ጽፋለች። «ምን ሆነሻል?» ብላት «አእምሮዬ እየሄደ ነው፤ ማኅተም ያለው ወረቀት ሰጥተውኛል» አለችና አውጥታ አሳየችኝ። «ከዕድሜዎ በታች፤ የመዳከም ምልክት» ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝልህ። እኔና እሷ የተፈተንነው በአንድ ቀን ነበር። አታውሩ የተባልነውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን፣ ወደ ቤት ስንመለስ እንደ ተማሪ ልጆች ቃላቱን እየቆጠርን ተፎካከርን። እሷ አሥራ አንድ፣ እኔ ዘጠኝ። በንዴት እስከ ቤቴ ድረስ አኩርፌያት ነበር። እንግዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት የሒሳብ ፈተና ያረምኩ ሰው ነኝ፤ ዘጠኝ ያገኘው የላቀ፣ አሥራ አንድ ያገኘው የተዳከመ የሚሆንበት እርማት አይቼ አላውቅም።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ልጅህን ጠበቅኳት። ከትምህርት ቤት ስትገባ አየቻቸው፤ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «አክስቴ፣ እሱ ውጤት አይደለም» አለችኝ። ለካ ፖስታዎቹ ገና ማንም ሳይፈተን ተሞልተው ያለቁ ናቸው። አሥራ ሁለቱ መልካም፣ አሥራ ሁለቱ መጥፎ፤ ተቀላቅለው በዕጣ የሚወጡ። ሊታይ የተፈለገው፣ ሽማግሌ ሰው «ደክመሃል» ሲባል ሁለተኛውን ዝርዝር ይብስ ይረሳ እንደሆነ ነው። እውነቱን አስቀድሞ ካወቀ ደግሞ አይሠራም። ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንዲህም አልኳት። «ታዲያ እውነቱን የምትነግሯቸው መቼ ነው?» ስላት ግን የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍትና ትዘጋ ጀመር።

የፈረምኩትን ወረቀት ቅጂ አስቀርቻለሁ፤ ሳላስቀር ፈርሜ አላውቅም። አምስተኛው አንቀጽ «በዕለቱ፣ ከክፍሉ ሳይወጡ፣ ሙሉ ማብራሪያ ይሰጥዎታል» ይላል። የሥነ ምግባር ኮሚቴውም የፈቀደላት ይህን አይቶ ነው። የመጀመሪያዋ ተፈታኝ፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ እንደ ወጉ ተነገራት። እሷም በሳቅ ፈርሳ «ይሄንንማ ለነዚያ ሽማግሌዎች ሳልነግር አልውልም» ብላ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ልትገባ ስትል ልጅህ በር ላይ ይዛ ለመነቻት። አማካሪ መምህሯ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ማብራሪያውን ሁሉም ተፈትኖ እስኪያልቅ አቆይው» አላት። ሃያ አራቱም ሰው ቀኑን የሚውለው አንድ አዳራሽ ውስጥ ነዋ! አንዱ ካወቀ ሁሉም ያውቃል። ሰዎቹን ከአንድ ቦታ የለቀምንላት እኔና ስንፍናዬ ነን፤ ጥፋቱ እኔም ዘንድ ይደርሳል። ለኮሚቴው ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

እኔ በዚያው ሰዓት ተነሥቼ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት። እጄን እየደባበሰች «አንቺ ደግ ሰው ነሽ፤ እንዳልከፋ ብለሽ ነው» አለችኝ። ብምል፣ ብገዘት አልሰማችም። «ማኅተም የለሽም እኮ» አለችኝ በመጨረሻ። ወንድሜ፣ የገባኝ ያኔ ነው። ያን ቃል የሚያነሣው የተናገረው ሰው ራሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ልጅህን «ነገ ሂጂና ንገሪያት» አልኳት። «ሰባት ሰው ነው የቀረኝ፣ አክስቴ፤ ሦስት ሳምንት ብቻ» ብላ ለመነችኝ። እስከ ዓርብ ሰጠኋት። ዓርብ አለፈ። ሰኞ ጠዋት ጫማዬን አሥሬ፣ ያንን ሦስት ፎቅ በእግሬ ወጥቼ፣ አቤቱታዬን ለኮሚቴው ጸሐፊ ሰጠሁ፤ ቅጂዬም ላይ አስመታሁ። እኔም ማኅተም ያለኝ ሰው ሆንኩ።

በሦስተኛው ቀን አማካሪው ቢሮው አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃ አስመጣልኝ፣ «እማማ» አለኝ። «እማማ፣ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን ለአረጋውያን ሁሉ ነው» አለኝ። «አረጋውያን ሁሉ የምትለው ሰው ቤቱ የት ነው? ልብስ ሰፊዋ የምትኖረው ከእኔ ግድግዳ ወዲያ ነው» አልኩት። «ፈርመዋል እኮ» ቢለኝ ወረቀቴን ዘርግቼ አምስተኛውን አንቀጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ ጠየቅኩት። በዓይኑ ብቻ አነበበው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የወንድምዎ ልጅ ናት የምትጎዳው፤ አያሳዝንዎትም?» አለኝ። ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። «ልጅቷን ጋሻ አታድርጋት! አቆይው ያላት ማን ነው?» አልኩት። መነጽሩን አውልቆ በከረባቱ ይጠርግ ጀመር፤ እኔም ውሃውን ሳልቀምስ ወጣሁ።

ኮሚቴው ጥናቱን አግዷል። የቃል ሙግቱ የሚሰማው ከሚመጣው ሰኞ ሳምንት ነው። እስከዚያ አቤቱታዬን ካነሣሁ ነገሩ በማስጠንቀቂያ ይዘጋል አሉ። ካላነሣሁ የተሰበሰበው ሁሉ ውድቅ ሊሆን፣ ልጅህም አንድ ዓመት ልትዘገይ ነው። አንተም የጻፍክልኝ ለዚህ ነው። አንድ ዓመት ምን ያህል እንደሚረዝም ለእኔ አትንገረኝ፤ ከእኔ ይልቅ ዕድሜ የሚያጥረው ማን ነው? «ሰው ምን ይላል፣ አክስት የወንድሟን ልጅ ትከሳለች?» ያልከውን ደግሞ ሰው የፈለገውን ይበል። እኔና አንተ በተማርንበት ትምህርት ቤት ስሕተት በላጲስ አይፋቅም ነበር። በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዞ፣ ሥሩ እየተነበበ ነበር ትክክለኛው ከላዩ የሚጻፈው። አንተ በዚህ ስንቴ እንደተገረፍክ አልዘነጋሁም። በማስጠንቀቂያ መዝጋት ማለት መፋቅ ነው። ነገ ባለሙያ ሆና፣ የተጨነቀ ሰው ፊቷ ተቀምጦ ሆዱን ሲዘረግፍላት፣ «አቆይው» የሚል አለቃ ቢመጣባት ምን ትላለች? እንቢ ማለትን ዛሬ ካልተማረች ዲግሪው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ነው።

አሁን ደግሞ በስልክ ያልነገረችህን ልንገርህ። ባለፈው እሑድ ማንም ሳያዛት ለሰው ያልተሰጡትን ፖስታዎች በከረጢት ይዛ «አክስቴ፣ ተከተይኝ» አለችኝ። ልብስ ሰፊዋ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈቻቸውና እያንዳንዱን ከፍታ አሳየቻት። ስም የለባቸውም። ሴትዮዋ ሦስት አራቱን አነበበች። «ዕጣ?» አለች። «ዕጣ ነው፤ ዋሽቼዎት ነው» አለች ልጅህ። ልብስ ሰፊዋ ተቀመጪ እንኳ አላለቻትም። ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና «የሠርግ ቀሚስሽን እሰፋለሁ ብዬ ነበር፤ አሁን ጆንያ ነው የምሰፋልሽ። ለዚያውም ልክሽ አያስፈልገኝም። በበጋው ወገብሽ ስልሳ ስምንት ነበር፤ አሁን ስልሳ ስድስት ገብቷል። ለኪና ንገሪኝ!» አለቻት። ልጅህ ሜትሩን አንሥታ ለካች። ስልሳ ስድስት። ይቅር አልተባለችም፤ መኪናው ግን ረቡዕ ጠዋት መጮህ ጀምሯል።

ከዚያ ወዲህ ብቻዋን በየቤቱ ትዞራለች። ከተዋሸነው ከአሥራ ስድስታችን አሥራ አምስቱን አዳርሳለች። አንዱ ሳቀባት፣ አንዷ ረገመቻት። ከሁሉ የተቆጣው «የላቀ» የተባለ ሰውዬ ነው፤ ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ሰቅሎት ኖሮ አልመልስም ብሏል። እኔም ተራዬ ደርሶ ተነገረኝ። እውነተኛው ውጤቴ «መካከለኛ» ነው። መካከለኛ! እስካሁን አልተዋጠልኝም።

የቀረው አንድ ሰው ነው። ሜትሮ የምንለው ጡረተኛ የመሬት ቀያሽ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ድንበር ሲለካ የኖረ ሰው፣ መጥፎው ፖስታ ከደረሰው ወዲያ ቤቱ የሚገባበት መንገድ እንዳይጠፋበት ፈርቶ ከደጁ መውጣት ተወ። ቤቱን ለቅቆ፣ ቁልፉን አስረክቦ፣ ልጁ ዘንድ ገባ። ልጁ ያለው እናንተ ከተማ ነው። ስንደውል «አባቴን አትረብሹት፣ እያረፈ ነው» ብሎ ይዘጋብናል።

ስለዚህ ልጅህ በሚመጣው ቅዳሜ አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ ማታውን እናንተ ጋ አድራ እሑድ ጠዋት ወደ እሱ ትሄዳለች። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያስቀደምኩት ለዚህ ነው። አድራሻውን ከጀርባ ጽፌዋለሁ። መንገዱን አታውቀውምና አንተ አድርሳት፤ ግን ውጭ ቆይ። ስለ እሷ አንዲት ቃል አትናገርላት። በሩ ቢዘጋባት እስኪከፈት ትቁም። ከእሷ ጋር ምን ልትመክር እንዳሰብክ አውቃለሁ፤ አትድከም። አንሺልኝ ማለቱን እሷ ራሷ ትታዋለች፤ ሰኞ ሳምንት ከጎኔ ትቀመጣለች። አንተም ተው።

ለባለቤትህ እጅግ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ዓይኗ እስኪድን መርፌ እንዳትነካ። ለትልቁ ልጅህ፣ ጢሙን ተላጭቶ ፎቶ ይላክልኝ። ለሁለቱ ትንንሾች፣ የላኩልኝን የማባዛት ሥራ አርሜ መልሻለሁ፤ ሦስተኛውን ይድገሙት። ለአማትህ፣ በክርክሩ እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ለልጅህ ሰላምታ አልልክም፤ አብራኝ ናት። ብቻ እሑድ ከዚያ ሰውዬ ደጅ ላይ ግንባሯን ሳምልኝ። ስትገባ ሳይሆን ስትወጣ።

የማትሰለችህ እኅትህ

ከመኖሪያ ቤቴ፣ ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ
ኅዳር ፲፩ ቀን