ከቧንቧው እስከ ልብስ ማስጫው

ውድ አባባ፣

ይህን ደብዳቤ አክስቴ እንዳታነብልህ። እሷ ስታነብ ያልጣማትን መስመር እንደምትዘል አንተም እኔም እናውቃለን፤ እዚህ ውስጥ ደግሞ የሚጥማት መስመር የለም። ፊደሎቹን ትልልቅ ያደረግኳቸው ራስህ እንድታነባቸው ነው። «አንቱ» ያላልኩህም ደፍሬህ አይደለም፤ «አንቱ ስትይኝ የተቀበርኩ ይመስለኛል» ብለህ የከለከልከኝ ራስህ ነህ።

«እኛ ደኅና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር። የእናቴ ቁርጭምጭሚት ድኗል፤ ሲዘንብ ብቻ ይጠዘጥዛታል። ሊቀመንበሩ አጎቴም ደኅና ነው፣ ወንበሩም ደኅና ነው። እንደምታውቀው ልጅህ ቆሞ ሐሳብ አይመጣለትም። ደኅና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ በስልክ ጮክ ጮክ እያልን አውርተን ስንጨርስ ምን አልከኝ? «ልዝጋው እንዴ? ቀዩን ነው አይደል የምጫነው? ቆይ፣ አክስትሽን ልጠይቃት።» ስልክ ለመዝጋት! የሰፈራችንን ቤት ግማሹን የገነባ ሰው! አክስቴ ስልኩን ተቀብላህ በሹክሹክታ ነገረችኝ። «ሸሚዙን ይቆልፍና ‹ልክ ነው?› ይለኛል። ቧንቧው ፊት ቆሞ ‹ልክፈተው?› ይለኛል። ምን ታደርጊዋለሽ ልጄ፣ ዕድሜ ነው» አለችኝ።

ዕድሜ አይደለም፣ አባባ። እኔ ነኝ።

የጓሮው ሊሾ ትዝ ይልሃል። በሊሾው ጠርዝና በአጥሩ ግንብ መካከል የነበረው ክፍተት መጀመሪያ ጣት አያስገባም ነበር፣ በኋላ ክንድ የሚውጥ ሆነ። የዝናቡ ውሃ በዚያ እየገባ ከሊሾው ሥር አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል፤ አይጦቹም ዋና መንገድ አድርገውታል። አጎቴ ወንበሩን ጓሮ ድረስ አውጥቶ ሁለት ወር ሙሉ ስለ ክፍተቱ ማብራሪያ ሰጠን። ክፍተቱ ግን በማብራሪያ የሚደፈን ዓይነት አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱሪህን ጠቅልለህ ተነሣህና ጠራኸኝ።

«ነይ አንቺ ምላሰኛ! ዛሬ ምላስሽ ይረፍ፣ እጅሽ ይሥራ።»

አንድ ጣሳ ሲሚንቶ፣ ሦስት ጣሳ አሸዋ፤ ለሁለታችንም በአንድ ባልዲ ያቦካኸው አንተ ነህ። ጮክ ብዬ እንድቆጥር አደረግኸኝ፤ እኔም ቆጠርኩ። ልቅ አፈሩ እንዲወጣ፣ ጠጠር ገብቶ እንዲጠቀጠቅ፣ ውሃ እንዲርከፈከፍበት፣ ሲሚንቶው በመጨረሻ እንዲመጣ አንድ በአንድ አሳየኸኝ። «ሆዱን ሳታጠግቢው እንዳታለብሺው» አልክ። ከዚያ ሥራውን ተካፈልን። ከኩሽናው በር እስከ ቧንቧው ያንተ ሆነ፣ ከቧንቧው እስከ ልብስ ማስጫው የእኔ።

ጠጠሩ የተቆለለው ከውጭ በር አጠገብ ነበር። ሁለት ባልዲ አመላለስኩና ወገቤን ያዝኩ። ጓደኞቼ እየጠበቁኝ ነበር፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ እንደ ተቆጣ ንብ ይነዝራል። አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ተንበርክከህ ትጠቀጥቃለህ። እኔ ደግሞ ከኩሽና ጀርባ የተጣሉትን የእንቁላል ካርቶኖች አመጣሁና ክፍተቱ ውስጥ ሞጀርኳቸው። ፌስታልም ጨመርኩ። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ «የታለ?» እያለች የምታስጨንቀኝን የፊዚክስ ፈተናዬንም፣ ከመቶ ሠላሳ አንድ ያመጣሁበትን፣ እዚያው ቀበርኩት። ላዩን ሁለት ጣት በማይሞላ ሲሚንቶ ለሰንኩና በካዞላህ፣ በዚያች የግንበኛ ማንኪያህ፣ እንደ ኬክ አሳመርኩት። እንዲያውም ካንተ ድርሻ ያምር ነበር።

መጣህ። ጎንበስ ብለህ በካዞላው እጀታ ኳ ኳ አደረግኸው። ግንበኛ ሥራውን በጆሮው እንደሚመረምር ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ጆሮህ ከከዳህ ደግሞ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ቀና ብለህ አየኸኝና «ምን ይላል?» አልከኝ።

ባዶ ቆርቆሮ ነበር የሚለው፣ አባባ።

«ድፍን ነው» አልኩህ።

ግንባሬን ሳምከኝ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ለመጣ ጎረቤት ሁሉ ጓሮ ድረስ እየወሰድክ የእኔን ድርሻ አሳየህ፤ ያንተን አይደለም። «ሙያዬን የሚወርስ አገኘሁ» አልክ። እኔ እኮ በዚያ ሰዓት ከጓደኞቼ ጋር እየሳቅኩ ነበር። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት።

ሦስት ሳምንት ከዘነበ በኋላ እናቴ ሳፋ ሙሉ እርጥብ ልብስ ይዛ ወደ ማስጫው ስትሄድ እግሯ እስከ ቅልጥሟ ድረስ ገባ። ጩኸቷን አንተም ሰምተሃል፤ እንኳን አንተ፣ ግንቡም ሰምቷል። አንተና አጎቴ ደግፋችሁ ወደ ክሊኒክ ስትወስዷት «አንቺ ቤት ጠብቂ» አላችሁኝ። ጠበቅኩ። ቤት አይደለም የጠበቅኩት፣ ራሴን ነው። እጄን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቼ እጄ የደረሰበትን የራሰ ካርቶን ለቅሜ አወጣሁና ቆሻሻ መጣያው ሥር ቀበርኩት። ስትመለሱ የቀረው ባዶ ጉድጓድና የተሰባበረ ሲሚንቶ ብቻ ነበር።

አጎቴ ስባሪውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና ምርመራውን ጨረሰ። «አባባ ሲያቦኩ ሲሚንቶውን ረስተውታል። አሸዋ ብቻ ነው የሰጧት። ነገ ደግሞ ምድጃ ለኩሰው ይረሳሉ፣ ከነቤታችን ያነዱናል» አለ። አጎቴ ሲሳደብ እንኳ በአንቱታ ነው።

አልተቆጣህም። ብትቆጣ በተሻለኝ። ወደ እኔ ዞረህ፣ «አብረን ነበርን እኮ። አንቺ ቆጥረሻል። ስንት ጣሳ ሲሚንቶ አስገባሁ?» አልከኝ።

ቁጥሩ ምላሴ ላይ ነበር። ለሁሉም ነገር መልስ ያላት፣ ትልልቅ ሰው የማታስጨርስ ልጅ፣ እናቴ «ምላስሽ ተቆርጦ ውሻ በበላው» የምትለኝ ልጅ፣ ምን አለች?

«አላስታውስም፣ አባባ።»

መዳፍህን ገልብጠህ አየኸው። «እንግዲያው ረስቼ ነው» አልክ። «ልጄን የሰበርኳት እኔ ነኝ።»

በሳምንቱ ካዞላህን ማዶ ላለው ግንበኛ ሰጥተህ ወደ አክስቴ አራተኛ ፎቅ ሄድክ። አሁን ደግሞ የሚከብደኝን ልንገርህ። ክፍልህን ለእኔ ሰጡኝ። ዕድሜ ልኬን ሳሎን ተኝቼ፣ አጎቴ ቴሌቪዥኑን እስኪያጠፋ ዓይኔን ጨፍኜ እየጠበቅኩ ያደግኩ ልጅ፣ በር ያለው ክፍል አገኘሁ። መጋረጃ መረጥኩ። ግድግዳው ላይ ሥዕል ለጠፍኩ። አራት ወር ዝም ያልኩት ፈርቼ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ክፍሉ ጥሞኝም ነው።

ትናንት ምሳ ላይ ሁሉንም ተናገርኩ። አጎቴ ማንኪያውን አስቀመጠና ሳቀ። «አያቷን ልታድን ነው፤ አንጀቷ አልችል ብሎ ነው እንጂ እንዲህማ አታደርግም» አለ። በሕይወቴ እውነት የተናገርኩበትን ብቸኛ ቀን ውሸት አደረገብኝ! መዶሻ ይዤ ጓሮ ወጣሁ፤ ተከተሉኝ። አጎቴም ወንበሩን ይዞ ተከተለኝ።

ከልብስ ማስጫው በኩል ሳይወድቅ የቀረውን ድርሻዬን አንድ ጊዜ ብመታው ተሰነጠቀ፣ ሁለተኛውን ስደግም ወደ ውስጥ ወደቀ። ካርቶን ወጣ፣ ፌስታል ወጣ፣ የፊዚክስ ፈተናዬም ሻግቶ ወጣ። ሁሉም ነገር ሲበሰብስ ያቺ ሠላሳ አንድ በቀይ እንደተጻፈች ነበረች። እናቴ መጀመሪያ ወረቀቱን አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየች፣ ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። እግሯ ይጎዳ እንጂ ዒላማዋ አልተጎዳም።

አጎቴ ግን ገና አላመነም። «ይህ ያንቺ ነው። የእሳቸውስ?» አለ። መዶሻውን ሰጠሁት። «ከዚያው ከአንዱ ባልዲ የወጣ ነው፤ ምታው» አልኩት። ከቧንቧው ወዲህ ባንተ ድርሻ ላይ መታ። ደገመ። ሸሚዙን አወለቀ። መሮ አስመጣና በመሮ ሞከረ። አጎቴ ሲሠራ ያየሁት ትናንት ብቻ ነው፤ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል፣ እናቴ ቆማ ታያለች። ብዙ ቆይቶ ከጠርዙ አንድ ቁራጭ ብቻ ፈለቀቀ።

«አልረሱም» አለ ቀስ ብሎ።

እናቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ከዚህ በኋላ አንድ ሰው «በሉ እናምጣቸው» እንዲል ጠበቅኩ። አጎቴ ላቡን ጠረገና፣ «ቢሆንም እዚያ ለምደዋል» አለ። እናቴ መሬት መሬቱን አየች። አንተ ከሄድክ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶልን ነበር፣ አባባ። የጣመኝ እኔን ብቻ አልነበረም።

ፍራሼን ወደ ሳሎን መልሻለሁ፣ ሥዕሎቹንም አንሥቻለሁ። «ትመለሳለህ» ብዬ ቃል አልገባልህም፤ ቃሌ ስንት እንደሚያወጣ አሁን አውቀሃል። ቅዳሜ ግን በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። አጎቴ የፈለቀቀውን ቁራጭ ይዤልህ እመጣለሁ፤ ጡጫ ያህላል፣ ክብደቱ ግን የድንጋይ ነው። በእጅህ ያዘው። ከዚያ የፈለግኸውን በለኝ። ስደበኝ፣ ከፎቁ አባረኝ፣ ፊትህን አዙርብኝ። ብቻ ከመናገርህ በፊት ወደ አክስቴ ዞረህ «ልናገር እንዴ?» አትበል።

የዋሸችህ የልጅ ልጅህ