እናታችን የምትጠብሰው ሲሪያል

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

እንደገና በረዶ። ደጃፉን ጠረግኩ፣ ቡናዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ተመልሶ ሞላ።

ሌላንድ ቁርስ አልበላም። እንቁላሉን በሹካ ወደ ሳህኑ ዳር ገፋው፤ ሒሳቡ ያልገባው ተማሪ ወረቀቱን እንደሚገፋው። ወንድሜ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ቀበቶው ላይ ሌላ ቀዳዳ በምስማር በሳሁለት።

ላሞቹ ኦክቶበር ላይ ከተሸጡ ወዲህ እንዲህ ነው። እኔም ያኔ ከቤቴ የመጣሁት ለሁለት ሳምንት ብዬ ነበር...

ዛሬ ትዕግሥቴ አለቀ መሰለኝ። "እሺ፣ ምን ልሥራልህ? አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" አልኩት። ወደ መስኮቱ ዞረ።

"እማማ ማታ ማታ የምትጠብስልን ሲሪያል ትዝ ይልሻል?"

ትዝ አይለኝም? ያ ከካርቶን የሚወጣ፣ ቀለበት ቀለበት የሚመስለው የአጃ የቁርስ ሲሪያል። ቅቤ ውስጥ ተጠብሶ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ ሬዲዮው አጠገብ ቁጭ ብለን ከአንድ ሳህን።

ከመጣሁ ጀምሮ በአፉ የጠየቀው የመጀመሪያው ምግብ ነው።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ጥሩውን ቅቤ ገዛሁ። በዝግታ አቀለጥኩት፣ ሲሪያሉን ጨመርኩ፣ ጠርዙ ወርቅማ እስኪሆን አማሰልኩ። እኔ ወደድኩት።

ሌላንድ አንድ ማንኪያ ቀመሰ። "ጥሩ ነው።"

"ግን?"

"ግን እሱ አይደለም።"

የሌላንድ ልጅ ጆሊን ከማዲሰን ደወለች። ከተማችን ያለው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አንድ ክፍል ተገኝቶለታል፤ እስከ ፋሲካ አባቷ በደንብ መብላት ካልጀመረ ታስገባዋለች። "ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሳጥን ነው ይላል እኮ" አልኳት።

"አንቺስ አክስቴ? አንቺንም አብረን እንቅበርሽ?"

ሥራ አለብኝ ብዬ ዘጋሁ። ሥራ ግን ነበረብኝ፤ ውሸት አይደለም።

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 9

የሳይንስ ተማሪዎቼን ምን እል ነበር? ሁሉን ነገር ባንዴ አትቀይሩ። አንዱን ቀይሩ፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት።

ዛሬ መጥበሻውን ቀየርኩ። የእማማን የብረት መጥበሻ ምድር ቤት አገኘሁት፣ ዝገት በልቶታል። ፈግፍጌ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ምድጃ ውስጥ አስገብቼ መለስኩት። ወገቤ ተቆረጠ።

"አይደለም" አለ። ሁለት ማንኪያ በላ ግን።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ጨዉን ቀየርኩ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እሳቱን።

"ዜሮ፣ ቲቸር" አለኝ።

"ለሙከራው እንኳ ነጥብ የለም?"

"ለእጅ ጽሑፍ ሁለት ሰጥቼሻለሁ።"

ሊስቅ ነበር። አፉ ጀምሮት ተወው። ከዚያ ሰዓቱን አየ... የወተት ማለቢያው ሰዓት ነበር። ጫማውን ሊያደርግ ጎንበስ ካለ በኋላ ትዝ አለውና ቀስ ብሎ ቀና አለ። ያላየሁ መስዬ ዕቃ አጠብኩ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15

ዛሬ አልጠበስኩም። ደክሞኛል።

ቢበላ እዚሁ ይቀራል። እኔም እዚሁ እቀራለሁ። ባይበላ ይወስዱታል፣ እኔም ቤቴ እገባለሁ። ታዲያ መጥበሻ ይዤ ለማን ነው የምታገለው? ይህን መጻፍ ነውር ነው? ይሁን። ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18

ጆሊን "ክፍሉን እይው ብቻ" ብላ ስለለመነችኝ ሄድኩ። ንጹሕ ነው፣ ይሞቃል። ኮሪደሩ ላይ አንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበሯ መንገዱን ዘጋችብኝ።

"አንቺ የኦቲሊ ልጅ አይደለሽም? ቨርና! አረማመድሽ ቁርጥ እሷን።"

እትዬ ሂልዳ ዙምባክ! የድሮ ጎረቤታችን፣ የእማማ ጓደኛ። ዘጠና ዓመት አልፏታል፣ ምላሷ ግን እንዳለ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ሌላንድ ነገርኳት፣ ስለ ሲሪያሉ፣ ስለ ጥሩው ቅቤ፣ ስለ መጥበሻው። ሳቋ ሳል ሆነባት፤ ውኃ ሰጠኋት።

"በቅቤ? እናትሽ? ቅቤ ለሲሪያል ልታባክን!"

"ታዲያ በምንድን ነው?"

ፖሊስ የሚመጣ ይመስል በሩን አየች። "በማርጋሪን፣ ልጄ።"

እኛ ዊስኮንሲን ውስጥ ያኔ ቢጫ ማርጋሪን፣ ያ ከዘይት የሚሠራው የቅቤ ምትክ፣ መሸጥ በሕግ ክልክል ነበር፤ የወተት ላም አርቢው እንዳይከስር። ጎረቤት ኢሊኖይ ግን ድንበሩን እንደተሻገርሽ የመጀመሪያው ሱቅ ላይ ይቆለላል። ሂልዳ ትነዳለች፣ ሴቶቹ ይታጨቃሉ፣ ሲመለሱ ካርቶኑን ለቤተ ክርስቲያን በሰፉት ብርድ ልብስ ይሸፍኑታል።

"የሁሉም ገበሬ ሚስት?"

"የፓስተሩም ሚስት! እንዲያውም ብዙ የምትገዛው እሷ ነበረች።"

ክሬማችን ሁሉ ለቅቤ ፋብሪካው ይሸጥ ነበር። ከፋብሪካ የሚመለሰው ትንሽ ቅቤ ለአባባ ዳቦ ነው። እማማ ማርጋሪኑን በእንጨቱ የቅቤ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ላዩ ላይ አበባውን አትማ ታወጣዋለች። ማን ይጠረጥራል?

አባባ የወተት ላም አርቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር! ከሱ በኋላ ደግሞ ሌላንድ። ጆሊን ከኮሌጅ ይዛ የመጣችውን ማርጋሪን ከነዕቃው በረዶ ላይ የወረወረው ሌላንድ...

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 19

ማርጋሪን ገዛሁ። ቅርጫቱ ውስጥ ከዳቦው ሥር ከተትኩት፤ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያይ። በዚህ ዕድሜዬ!

ሲቀልጥ ሽታው ገና ከመጥበሻው እንደተነሳ አወቅኩት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ሌላንድ የመጀመሪያውን ማንኪያ አፉ ውስጥ አድርጎ ማኘኩን አቆመ። ከዚያ በላ። ሁሉንም። የሳህኑን ወለል በጣቱ ጠረገና ጣቱን ላሰ፣ እንደ ልጅ።

"ይሄ ነው። ቨርና፣ ይሄ ነው! የየት ፋብሪካ ቅቤ ነው?"

የአንዱን ስም መጥራት እችል ነበር። ቀላል ነበር። ነገር ግን ዕድሜ ልኬን "ያገኛችሁትን ውጤት ጻፉ፣ የፈለጋችሁትን አይደለም" ስል ኖሬ... አልሆነልኝም።

"ቅቤ አይደለም" አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት።

ሳህኑን አስቀመጠ። ካፖርቱን ሳይለብስ ወጣና ባዶው በረት ውስጥ ገባ። ካፖርቱን ይዤ ተከተልኩት፤ ሳያየኝ ተቀበለኝ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

ሾርባውን አልነካም። ምን አደረግኩ? አንድ ሳህን ቢበላ እሱንም ቀማሁት።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 22

ድንች ስልጥ ሌላንድ ገባና ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ። ጢሙን ተላጭቷል።

"የሮይ ፍሬን ጥርስ ትዝ ይልሻል?"

"በልጅነትህ የሰበርከው?"

"እናንተ ቤት ማርጋሪን ነው የሚበላው ብሎኝ ነዋ!" ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። "እውነቱን ነበር! ያ ምስኪን እውነቱን ነበር የተናገረው!"

ሳቅን። እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ እኔም ቢላውን አስቀመጥኩ። ከዚያ እንባውን ጠረገ።

"አባባ ያውቅ ነበር?"

"ሂልዳ አላውቅም ነው ያለችው። ግን ማታ ማታ ከሳህናችን አንድ ሁለት ያነሳ ነበር እኮ።"

"አዎ። ያነሳ ነበር።" የጠረጴዛውን ጠርዝ ሲዳብስ ቆየ። "በረት ውስጥ ሆኜ እሷን ነው ሳስብ የነበረው። አባባ ስብሰባ ላይ ይጮኻል፤ እማማ አንድ ቃል ሳትመልስለት መንገድ ታበጃለች። እኔ ደግሞ የሱን ጩኸት ብቻ ወረስኩ።"

ድንቹን ልጬ ጨረስኩ።

"ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሳጥን ነው ያለው ማነው?"

"አንተ ነሃ።"

"አባባ ነው። እኔ የደገምኩት ነው።" ቀና ብሎ አየኝ፤ በደንብ፣ ከኦክቶበር ወዲህ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። "መስታወት አይተሻል ሰሞኑን?"

"ምን ልትል ነው? ፊቴ ምን ሆነ?"

"ከኔ ብሰሻል። እኔ ደግሞ ሬሳ ነው የምመስለው።"

"አመሰግናለሁ።"

"ክፍሉ መስኮት አለው?"

የድንቹን ልጣጭ ሰበሰብኩ። ከአፌ እንዳይወጣ የፈራሁት ደስታ ነበር፤ ከኀዘኑ ጋር ተጣብቆ። "አለው" አልኩት። "መኪና ማቆሚያውን ነው የሚያየው።"

"ጥሩ። ላም የማያሳይ ይሁን።"

ራሱ ለጆሊን ደወለ። እኔ ጓሮ ወጣሁ፣ ሲናገር እንዳልሰማው።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ገባ። ሌላንድ ወደ አረጋውያን መኖሪያው አንድ ሻንጣ ነው የያዘው። ጆሊን አለቀሰች፣ እሱ ቀለደባት። እኔ ልብሱን በመደርደሪያው ደረደርኩ፤ ሸሚዝ ከሸሚዝ፣ ካልሲ ከካልሲ። ሌላ ምን ላድርግ?

ስወጣ በኮሪደሩ ከሂልዳ ጋር ጭቅጭቅ ጀምሮ ነበር። "አንቺ ኮንትሮባንዲስት! ስንት ዓመት ነበር የሚያስፈርድብሽ?" "አርፈህ ተቀመጥ፣ አጥንትህ የተሠራው በኔ ማርጋሪን ነው።"

መኪናው ውስጥ ሞተሩን ሳላስነሳ ቆየሁ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 11

ሁለት ክፍሏ ቤቴ ውስጥ ነኝ። አቧራውን ጠርጌ ጨረስኩ። መጻሕፍቱን እንደገና በየፊደላቸው አሰለፍኩ፤ ማንም አላዛባቸውም ነበር፤ እንዲሁ።

ሌላንድ ኪሎ ጨምሯል ይላሉ። የሚበላው ግን እየተጨቃጨቀ ነው፤ ዳቦው ላይ እውነተኛ ቅቤ ካልሆነ አይነካም። ሲሪያል ሌላ፣ ዳቦ ሌላ ነው አለኝ። በረቱ ምን ያህል ይናፍቀዋል? አልጠየቅኩትም። አንዳንዴ በማለቢያው ሰዓት ግድግዳው ሰዓት ላይ ያፈጣል። ያኔ እጁን እይዘዋለሁ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ወንበሬ ላይ ከነጫማዬ ተኛሁ። ስልኩ ቀሰቀሰኝ።

"አክስቴ! የት ነበርሽ? ደጋግሜ ደወልኩ እኮ። ምን ሆነሽ?"

"ምንም። ተኝቼ ነበር።"

"በቀን? አንቺ?"

"እኔ።"

ጆሊን ወደ ጉዳይዋ ገባች። "አባዬ እሁድ ስትመጪ ያን ሲሪያል ጠብሰሽ እንድታመጪ ይላል። ለሂልዳም የሚበቃ።"

እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። እግሬን አየሁት፣ አብጧል።

"ማክሰኞ አመጣለታለሁ በይው" አልኳት። "እሁድ እተኛለሁ።"