ጋሽ እርሾ እና አንድ ስም ብቻ የሰፈረበት ወረቀት

የምርምር ተቋማችን የእርሾ ክፍል ባለሙያ፣ ሁላችንም «ጋሽ እርሾ» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን፣ ባደረባቸው ሕመም ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ተቋሙ የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል፤ ከሐዘኑ ጋር ጸጸትም አለበት።

ጋሽ እርሾ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገሉት በምድር ቤቱ ኮሪደር መጨረሻ፣ አንድ ወንበር ብቻ ባለው ክፍል ነው። ሁለተኛ ወንበር ጠይቀው አያውቁም፤ እኛም አስበን አላመጣንላቸውም።

በሦስተኛው የአገልግሎት ዓመታቸው፣ እርሾው በማሽን ተሽከርክሮ ሲዘቅጥ ሌሎቻችን የምንደፋውን ውሃ እሳቸው ማስቀመጥ ጀመሩ። የዳቦ እርሾ ወደዚያ ውሃ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ከረጢቶችን እንደሚለቅ ያውቁ ነበር። ከረጢቶቹ በሽታ የሚከላከሉልንን ነጭ የደም ሕዋሳት ምን እንደሚያደርጓቸው ለማወቅ ዕድሜያቸውን ሰጡ። አንድ ጊዜ ፍሪጅ ስናጸዳ የስምንት ወር ክምችታቸውን «ያደረ ውሃ ነው» ብለን ደፍተንባቸዋል። ብልቃጦቹን አጥበው እንደ አዲስ ጀመሩ እንጂ ማንንም አልተቆጡም።

በአሥራ ስድስተኛው ዓመት፣ ከረጢቶቹን የዋጡ ሕዋሳት ለሌሎቹ የማንቂያ መልእክት እንደሚልኩ አሳዩ። ለሳይንስ መጽሔት የላኩት ጽሑፍ ግን ተመለሰ፤ ሕዋሳቱ በሙሉ የተገኙት ከአንድ ሰው ደም ነበርና። ያ ሰው ራሳቸው ነበሩ።

በዚያው ዓመት ደም ለጋሾችን የሚጋብዝ ባለ አሥራ ሁለት መስመር ወረቀት በዋናው መግቢያ አጠገብ ለጠፉ። አንደኛው መስመር ላይ የራሳቸውን ስም ጻፉ። እኛ ስድስት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አለፍን። «ጋሽ እርሾ፣ ሰልፉ እንዴት ነው?» እያልን ስንቀልድባቸው፣ «ረጅም ነው፤ ተራችሁን ጠብቁ» ይሉን ነበር። መርፌ ፈርተን አልነበረም፤ ሌላው ይፈርማል ብለን ነው።

ሐሙስ ዕለት ታናሽ እህታቸው ጋዋናቸውን ሊወስዱ መጡ። ዋናው መግቢያ ላይ ቆመው ወረቀቱን አነበቡና «እስክሪብቶ አላችሁ?» አሉን። ሁለተኛው መስመር ላይ ፈረሙ።

ለእኚሁ እህታቸው፣ ለወዳጆቻቸውና አብረናቸው እየሠራን ብቻቸውን ለተውናቸው ለእኛ ለባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ከጋሽ እርሾ ደም የተወሰዱ ሕዋሳት በሦስት ብልቃጥ ተደርገው ማቀዝቀዣ ውስጥ አሉ፤ ማንም እንዳይደፋቸው።

ወረቀቱ ከቦታው አልተነሣም። ከሦስተኛው መስመር ጀምሮ ያለው የእኛ ተራ ነው። ደም የምትቀዳ ነርስ ሰኞ ጠዋት በጋሽ እርሾ ክፍል ትጠብቃለች፤ ሁለተኛ ወንበር ገብቷል።