የጦሳን የሜዳ ጨዋታ ኮምቦልቻ ያወረዱት የአቶ ማረው አምባዬ የሕይወት ታሪክ (1944–2009 ዓ.ም.)

አቶ ማረው አምባዬ ከአባታቸው ከአቶ አምባዬ ይማም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንጉዳይ ወርቄ በኩታበር ወረዳ በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ነኝ። የቤቱ መጨረሻ ልጅ ስለሆንኩ ምላሴ ትንሽ ሰላ ይላል፤ ሲነበብ ቆጣ ያልኩ ከመሰላችሁ ይቅር በሉኝ፣ ሐዘንም አለበት።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በኩታበር፣ የሁለተኛ ደረጃውን ደግሞ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከአክስታችን ቤት ተቀምጠው ተከታትለዋል። ጌታን ያገኙትም በዚሁ በተማሪነታቸው ጊዜ ነው። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ ከጥቂት ወንድሞች ጋር በየቤቱ በሹክሹክታ ይጸልዩ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ በደሴ የስፖርት መምህር ሆነው አገልግለዋል።

በ1972 ዓ.ም. ከወይዘሮ አልታየች ጋር ትዳር መሥርተው እስራኤልን፣ ሊዲን እና አቢጌልን ወልደዋል። እትዬ አልታየች በነገር የማይበገሩ ሴት ናቸው፤ ወንድሜ በቤቱ ውስጥ አንድም ክርክር ሲረቱ አላየሁም።

በ1988 ዓ.ም. የጦሳ እግር ኳስ ክለብ ቡድን መሪ ሆኑ። አውቶቡሱን የሚያዘጋጀው፣ ማረፊያ የሚፈልገው፣ ዳኛ ሲያጠፋም ክስ የሚያስይዘው ቡድን መሪው ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እስራኤል የክለቡ አጥቂ ሆነ። አባት ቡድን መሪ፣ ልጅ ጎል አግቢ! ደሴም ይህን አይታ ሐሜቷን አልነፈገችንም፤ ልጁ ግን በእግሩ መልስ ሰጠ።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምታውቁት፣ ግን አንድ ነገር ወደጎደለው ታሪክ ልግባ። በ1996 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ በረታና የጦሳ ሜዳ አጥር ተደረመሰ። ከሩቅ ከሚመጣ ቡድን ጋር የነበረን የመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ሌላ ከተማ እንዲደረግ ታዘዘ። ጦሳ ካሸነፈ በሊጉ ይቆያል፤ አቻ እንኳ ከወጣ ይወርዳል። ወንድሜ ደጋፊው በቀላሉ እንዲደርስ ብለው ኮምቦልቻን መረጡ። ደሴ አጉረመረመች። የሁለቱ ከተማ ደጋፊዎች ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በድንጋይ ተፈነካክተው ነበርና፣ “በጠላት ሜዳ ባለቤት ሊያደርገን ነው” ያላቸው ብዙ ነው።

ጨዋታው ለእሑድ ግንቦት 29 ተቆርጦ ሳለ፣ ዓርብ ዕለት ሸህ ሀምዱ ኮምቦልቻ ላይ ዐረፉ። ሸሁ በዚያ የድንጋይ ቀን መሐል ገብተው ሁለቱን ወገን የገላገሉ ሰው ነበሩ። ቤታቸው ከኮምቦልቻ ሜዳ ጋር አጥር ይጋራል። እሑድ ገና የሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ነው፤ ሐዘን ቤት ደጃፍ ላይ ደግሞ ከበሮ አይመታም። ወንድሜ ቀኑ እንዲዛወር አዲስ አበባ ወደ ፌዴሬሽኑ ደጋግመው ደወሉ። መልሱ አጭር ነበር፦ እሑድ ካልተጫወታችሁ ፎርፌ ነው።

ቅዳሜ ከእትዬ አልታየች ጋር ለቅሶ ሊደርሱ ወረዱ። ተቀመጡ፣ አጽናኑ፣ የኳሱን ነገር ግን ከአፋቸው ማውጣት አቃታቸው። በመጨረሻ የሸሁ ባለቤት ወይዘሮ ዙበይዳ ራሳቸው ገላገሏቸው። “ጋሽ ማረው፣ የጨነቀዎትን አውቄዋለሁ። ልጆቹ ይጫወቱ፤ የሸሁ ሞት የሰው እንጀራ አይዝጋ። ደስታችሁን ግን ጆሯችን አይስማው” አሉ። ወንድሜም፣ “አብሽሩ፣ አንድ ድምፅ አይሰሙም” ብለው ቃል ገቡ።

አቤት ድፍረት! ስንት ሺሕ ሰው በሚያወርድ ደጋፊ ስም! እትዬ አልታየች ዳገቱን ሲወጡ፣ “የራስህን አፍ ትይዛለህ፤ የደሴን አፍ ማን አስረክቦህ ነው?” ብለው ጠየቋቸው።

እሑድ ጠዋት ደጋፊው ከሚሳፈርበት ቦታ ቆመው የጭፈራውን መሪ ዘይኑልአቢዲንን ለመኑት። ዘይኑልአቢዲን ጮኸባቸው፤ “ጋሼ፣ አፉን የያዘ ደጋፊ ምን ሊረባ? ልጆቹን በቁማቸው ሊቀብሯቸው ነው እንዴ!” አላቸው። የወይዘሮ ዙበይዳን ቃል ሲነግሩት ግን፣ “ወላሂ፣ እንዲህ ካሉማ አልቋል” ብሎ ከበሮዎቹን በገመድ አስሮ ደሴ አስቀራቸው። በየአውቶቡሱ እየወጣም “ዛሬ ድምፅ ያወጣ የጦሳ ልጅ አይደለም” እያለ ተናገረ።

እኔም በዚያ ቀን ሜዳው ውስጥ ነበርኩ። የኮምቦልቻ ወጣቶች በአጥሩ ዙሪያ ቆመው፣ የደሴ ሰው ቃሉን ሲያፈርስ ለማየት ይጠብቃሉ። ፖሊሶቹ ዱላቸውን ጨብጠዋል። የሚሰማው የኳሷ ድምፅ፣ የበረኛው ጥሪ፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ቁርአን ሲቀራ ብቻ ነው። ሰዉ ጥርሱን ነክሶ ይመለከታል። እንዲህ ያለ ጭንቅ በዕድሜዬ አላየሁም።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እስራኤል ከማዕዘን የተሻማችውን ኳስ በግንባሩ ገጭቶ አገባት። ያ ሁሉ ሕዝብ ተነሣ። የተቃቀፈ አለ፣ ነጠላውን የነከሰ አለ፣ ዘይኑልአቢዲን ሽርጡን አፉ ውስጥ ወትፎ እንባው ይወርዳል። ድምፅ ግን አንድም አልወጣም። ወዲያው የመስመር ዳኛው ባንዲራውን አነሣ፤ ከጨዋታ ውጪ ነው ተባለ።

የዚያን ጊዜ ደም ፈላ። ድንጋይ ለማንሣት ያጎነበሱትን በዓይኔ አይቻለሁ። እስራኤል ወደ አባቱ ሮጠ፤ “አባዬ፣ ክስ አስይዝ! ጎል ነው በላቸው!” አለ። ሕዝቡ ወንድሜ እጃቸውን ለክስ እስኪያነሡ እየጠበቀ ነበር፤ ቢያነሡ ጩኸቱም ድንጋዩም አብሮ ይወርዳል፤ ሐዘን ቤቱ ደግሞ እዚያው ነው። ጀርባቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ወደ ሕዝቡ ዞሩና መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እንደዚያው ቆሙ። ከፊት ያሉት ተቀመጡ፣ ከኋላ ያሉትም ተከተሉ። ጨዋታው ያለ ጎል አለቀ፤ ጦሳ ወረደ።

ደሴ ግን በቀላሉ ይቅር አላለቻቸውም። “ብንጮህ ኖሮ ዳኛው አይደፍርም ነበር” ተባለ። ክለቡ አሰናበታቸው፤ ወደ መምህርነታቸው ተመለሱ። በመንገድ ላይ ሰላምታ የነፈጋቸውን ሁሉ ስም አውቃለሁ፤ ዛሬ ከመካከላችሁ አሉና አልጠራም። የኮምቦልቻ ሰው ግን አከበራቸው። የወይዘሮ ዙበይዳ ልጅ ሙንዚር በየበዓሉ ከቤታቸው አይጠፋም ነበር፤ ሊዲ ስትዳርም ከዘመድ ወገን ተቀምጧል።

የከበደው የእስራኤል ነገር ነው። ክለብ ሳያገኝ ቀርቶ አዲስ አበባ ሄዶ ሹፌር ሆነ። ለእናቱ ይደውላል፤ የአባቱን ስም አያነሣም። እሱን ያቃጠለው የጦሳ መውረድ አልነበረም። አባቱ አይተው እንዳላዩ መሆናቸው ነው። ወንድሜም ነገሩ ሲነሣ “ያለፈ ነገር ነው” ከማለት በቀር ምንም አይሉም ነበር። ስንት ጊዜ ተቆጣኋቸው!

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ተይዘው በደሴና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆዩ። ሕመሙ ሲጠናባቸው እስራኤል መጣ። እኛ ባለንበት እጁን ያዙና፣ “ልጄ፣ ጎል ነበር። በደንብ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ብናገር ሰው ይጎዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንተን ለማየት አፈርኩ” አሉት። ትልቁ ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እስኪያርፉ ድረስም ያጠባቸው፣ ያጎረሳቸው እሱ ነው።

አቶ ማረው በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ሐሙስ ጥር 18 ቀን 2009 ዓ.ም. ወደ ጌታቸው ሄዱ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ከኮምቦልቻ ድረስ ለመጣችሁ የሸህ ሀምዱ ቤተሰቦች ጌታ ብድራችሁን ይክፈል።

ወንድሜ ቃላቸውን ጠብቀው ኖረዋልና ቃሉን የማያጥፍ አምላክ በክብር ይቀበላቸው። እዚያ እልል ቢባልላቸው ከአጥሩ ወዲያ ሐዘን ቤት የለም።