ስልሳ ሁለተኛው ደረጃ

ለተከበሩ አቶ ግሩም፣
በስኮትዴል የአረጋውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣

አርባ ሰው እያየ፣ እርስዎ ብብቴን፣ የአውቶቡሱ ሾፌር እግሬን ይዛችሁ፣ እንደ እህል ጆንያ ከደረጃ አውርዳችሁኛል። ይህን ካስቀደምኩ በኋላ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ለወገብዎ ብርታት እመኛለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ማኅበሩ ከአትላንታ እስከ ባሕር ዳርቻ ድረስ ወስዶ ጥንታዊውን የመርከበኞች የመብራት ማማ ስላስጎበኘን ምስጋና ይገባዋል። ቅሬታዬ ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ በሩ ላይ «አባታችን ይቅደሙ» ብለው ከሁሉ ፊት ስላሰለፉኝ ለአክብሮትዎ እጅ እነሳለሁ። ደረጃው መቶ ሰባ ነው፤ ጠመዝማዛና ጠባብ። ትምህርት ቤት ባልገባም አንብቤ ነበርና፣ ይህንኑ በመንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያስረዳኋችሁ እኔው ነኝ።

ሁለተኛ፣ ስልሳ ሁለተኛው ላይ ጉልበቴ እምቢ ሲል ከኋላዬ ማንም ሊያልፈኝ አልደፈረም። ታላቅን መቅደም ነውር ነውና አርባ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ጠበቀኝ፤ ከላይ ሊወርዱ የመጡት አሜሪካውያንም ሥርዓታችንን ሳይወዱ በግድ ተማሩ። በመጨረሻ ሁሉም የኋልዮሽ ወርዶ መንገዱን ለሸክሙ ለቀቀ።

እርግጥ ነው፣ «እለፉ» ማለት የእኔ ፈንታ ነበር። አላልኩም። በምዝገባው ቅጽ ላይም ስለ ጉልበቴ ስጠየቅ «ደህና ነው» ብዬ ፈርሜያለሁ። ወይዘሮ የምሥራች፣ ባሕርን ከከፍታ ለማየት ከክረምት ጀምሮ በየጠዋቱ የቤታቸውን ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የከረሙት ሴት፣ ከኋላዬ ሆነው «አይዞዎት ጋሼ፣ እኔም ደክሞኛል» አሉኝ። አልደከማቸውም ነበር።

ሦስተኛ፣ የመዝጊያው ሰዓት ደርሶ ማንም ጫፉን ሳያይ ስንመለስ፣ በአውቶቡሱ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አልወቀሰኝም። ብርቱካን ልጣችሁ አጎረሳችሁኝ። ሸክሙን ይቅር ብያለሁ፤ ይህንን ግን ይቅር ለማለት እስካሁን አልቻልኩም።

ከፍ አድርገው ባከበሩኝ፣ ዝቅ አድርገውም ባወረዱኝ እጆችዎ ፊት ከወገቤ ጎንበስ የምል፣
ኃይለመስቀል፣ የማኅበሩ አባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወይዘሮ የምሥራችን ወደ ማማው መልሰው ይውሰዷቸው፤ ከፊታቸውም ሽማግሌ አያስቀድሙ። የቀብሬ ቀን ሬሳዬን ሲያነሡ ደግሞ «ክብደታቸውን እናውቀዋለን» እንዳይሉ አደራ። እኔ በበኩሌ ከዚህች ነጥብ በኋላ ስለዚያ ቅዳሜ፣ ለንስሐ አባቴም ቢሆን፣ አንዲት ቃል አልተነፍስም።