አሮጌውን መልስ፣ አዲሱን ውሰድ

ለክቡር የንብረትና የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አልወጣም ብሎ ስለ ነበረው ሞዞ እና ስለማይረሳው ውለታዎ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለክብርት ባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ለወገብዎ፤ ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት በተሰጠው የአምስት ቀን ሥልጠና ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው መዋልዎን ሰምተን ሁላችንም አዝነናል። እንኳን በደህና ተመለሱልን። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ መስጠት ሲገባኝ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ ከዚህ በፊት በእጅ የሰጠኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች የት እንደ ገቡ ስላላወቅሁ፣ አራተኛውም የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ ሰው አንብቦት ይጥፋ ብዬ ነው።

እኔ የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ሾፌር ነኝ። እኔን ባያስታውሱኝ አምቡላንሷን አይረሷትም፤ እርስዎ ከሚነዷት ነጭ መኪና ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ጭነት የመጣችው መንትያዋ ናት። የእርስዎዋ ከቢሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቢሮ በአስፋልት ላይ ስትመላለስ፣ የእኛዋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምጥ የጠናባቸውን እናቶች ጭና በጭቃና በኮረት ከኮረብታው ማዶ ወዳለው ሆስፒታል ስትወጣና ስትወርድ ኖራለች። ዕድል ነው፤ ማንንም አልወቅስም።

ከሦስት ሳምንት በፊት የፊት ግራ ጎማዋ ማጉረምረም ጀመረ። መጀመሪያ ፍጥነት ስጨምር ብቻ ነበር፤ ኋላ ግን ቀስ ብዬም ስነዳ እንደ ታመመ ሽማግሌ ያቃስት ጀመር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሪ የያዘ ሰው ይህን ድምፅ ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልገውም፤ ኩሽኔታው አልቋል። ውድ ጊዜዎን ሳልሻማ ባጭሩ ላስረዳ፤ ሞዞ ማለት ጎማው የሚታሰርበትና አብሮት የሚዞረው ብረት ነው፤ ኩሽኔታ ደግሞ በሞዞው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ጎማው ከዘንጉ ጋር ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርግ፣ ሃያ አንድ ትናንሽ የብረት ፍሬዎች የተደረደሩበት ቀለበት ነው። ስንት ጊዜ "አይፈቀድም" ብለው የፈረሙበት ዕቃ ምን እንደሚመስል ቢያውቁት ደስ ይልዎታል ብዬ ነው።

በዚያው ሰሞን አዋላጇ ነርሳችን ወደ ጎን ጠርታኝ፣ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊ መንታ ማርገዟን፣ አንደኛው ፅንስ በእግሩ መዞሩን፣ ስለዚህም እዚህ ልትወልድ እንደማትችልና የመጀመሪያው ምጥ እንደ ጀመራት ወደ ሆስፒታል መብረር እንዳለብን ነገረችኝ። "ጋሼ፣ የመኪናዋን ነገር አደራ" አለችኝ። ልብስ ሰፊዋን አውቃታለሁ፤ አሁን የለበስኩትን የሥራ ሸሚዝ የደረት ኪሱ በተቀደደ ጊዜ ቁጭ ብላ፣ ወገቧን እየደገፈች የሰፋችልኝ እሷ ናት። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። ፈርቼም ወደ እርስዎ መሥሪያ ቤት ሮጥኩ፤ ስለዚህ ውለታዎን ተራ በተራ መዘርዘር ግዴታዬ ነው።

አንደኛ። "አሮጌው ሳይመለስ አዲስ አይሰጥም" የሚለውን መመሪያ ስላወጡልን ከልብ አመሰግናለሁ። ዕቃ ቤት ስደርስ ከሽቦው በስተጀርባ፣ በመደርደሪያው ላይ፣ አራት አዳዲስ ኩሽኔታዎች ከነካርቶናቸው ተደርድረው አየሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያለው ሰው የእኛን ዕቃ ቤት ሳያይ አልቀረም። የዕቃ ቤት ሠራተኛዋ፣ ደግ ሴት ናት፣ አሮጌውን ካላመጣሁ በቀር ልትሰጠኝ እንደማትችል እያዘነች ነገረችኝ። አሮጌው መኪናዋ ላይ ነው፣ መኪናዋን አቁሜ ከፈታሁት ደግሞ በዚያ መሀል አንድ ታማሚ ቢመጣ ምን ልሁን ብላት፣ "ወንድሜ፣ ደንቡን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም" ብላ አንገቷን ደፋች።

ሁለተኛ። ደንብ ደንብ ነው ብዬ መኪናዋን በክሪክ አነሳሁ፣ ድንጋይ አስደገፍኩ፣ ጎማውን አወጣሁ፣ ፍሬኑን ፈታሁ፣ ዋናውን ብሎን ለቀቅሁ፤ ሞዞው ግን አልወጣም። በጥያቄዎቻችን ብዛት የሞቀው የእርስዎ ቢሮ ብቻ አልነበረም፤ ኩሽኔታውም ግሎ ግሎ የውስጥ ቀለበቱ ከዘንጉ ጋር እንደ ብየዳ ተጣብቋል። ናፍጣ አጠጥቼ አሳደርኩት። በመዶሻ ከኋላው በኩል ደበደብኩት። ለመንኩት። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ። ከዚያ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ለዚሁ ሥራ የተገዛ ባለ ሦስት እግር ማውጫ መኖሩ ትዝ አለኝና ሄድኩ፤ ማውጫው አለ፣ ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም፤ ነገር ግን በመመሪያው መሠረት አዲሱን ማውጫ ለመውሰድ አሮጌውን ማውጫ መመለስ ይኖርብኛል። አሮጌ ማውጫ ኖሮን አያውቅም። ስለዚህ አዲሱ ማውጫ በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኝ፣ ከእኔና ከመኪናዋ ይልቅ ብዙ ዘመን እንደሚኖር የማረጋግጥልዎ በደስታ ነው።

ሦስተኛ። እንዲህ ባያስቸግሩን ኖሮ ሰዎች ምን ያህል ደጎች እንደ ሆኑ አናውቅም ነበርና ለዚህም እግዜር ይስጥልኝ። ከመንገዱ ማዶ ያለው በያጅ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ የራሱን ሥራ ትቶ እሳቱን ይዞ መጣ፤ ሞዞውን ዙሪያውን አጋለው። ከዚያ ጎማውን መልሰን በላላ ብሎን አሰርነውና ጥበቃው በአንድ በኩል፣ የመድኃኒት ክፍሉ ሠራተኛ በሌላው በኩል ሆነው ግራና ቀኝ ይወዘውዙት ጀመር፤ የጽዳት ሠራተኛዋም መጥረጊያዋን አስቀምጣ በእግሯ ስትገፋው፣ በአራተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሞዞው ድንገት ተስፈንጥሮ ወጣና ሦስቱንም በአንድ ላይ በጀርባቸው አነጠፋቸው። እልልታ ሆነ። ግማሹ ቀለበት ግን ዘንጉ ላይ ቀርቶ ነበርና በመሮ ሰንጥቄ አወጣሁት፤ የብረት ፍሬዎቹም በግቢው ሁሉ ተበተኑ። ሐኪም ለማየት ተራ ይዘው የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው ለቀሙልኝ፤ ክንዱ በጄሶ የታሰረ አንድ ጎልማሳ በአንድ እጁ አምስት ፍሬ አግኝቷል።

ሁሉን በጨርቅ ቋጥሬ ዕቃ ቤት ወሰድኩ። ተቆጠረ። ሃያ ሆነ። የኩሽኔታው ፍሬ ሃያ አንድ በመሆኑ የተመለሰው ዕቃ "ሙሉ አይደለም" ተብሎ ተመለሰልኝና፣ ስለ ጎደለችው ፍሬ የሚያጣራ ኮሚቴ መሰብሰብ እንዳለበት ተነገረኝ።

አራተኛ። የኮሚቴው ሰብሳቢ እርስዎ ነዎት።

አምስተኛ። ሥልጠና ላይ ነበሩ።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ እየሳቅሁ ጽፌያለሁ፤ ቀጥሎ ያለውን ግን ስጽፍ አልሳቅሁም። በሥልጠናዎ ሦስተኛ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ በእናቷና በታናሽ እኅቷ ተደግፋ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ምጡ ጀምሯታል። መኪናዋ በሦስት ጎማና በአንድ ድንጋይ ላይ ቆማለች። ቃሬዛ ተሸክመን በእግር እንውጣ አልን፤ በመኪና ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን ዳገት ተሸክመን ስንት ሰዓት እንደምንፈጅ ማንም ጮክ ብሎ ለማስላት አልደፈረም። ስልክ ደወልን፤ ቅርብ የሚባለው ሌላ አምቡላንስ ለሌላ እናት ወጥቷል። እናቷ ነጠላቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ወደ እኔ ያዩ ነበር። አዋላጇም አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የዚያን ጊዜ ያደረብኝ ሐፍረት ነበር፤ ሐፍረቱ የእኔ ይሁን የእርስዎ እስካሁን አልለየሁትም፤ ብቻ የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ።

ደስ የሚለው ግን፣ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ አምቡላንሷ በአራት እግሯ ቆመች። ያለ ማጉረምረም፣ ያለ ማቃሰት ዳገቱን ወጣች፤ ከስድስት ሰዓት በፊት ሆስፒታሉ በር ላይ ነበርን። ሁለት ሴት ልጆች ተወለዱ። አንደኛዋ እንደ ወጉ መጣች፤ ሁለተኛዋ እንደ ሞዞው አስቸግራ፣ በእግሯ መጣች፤ ሐኪሞቹ ግን ሁለተኛዋን ለመስጠት የመጀመሪያዋን መልሺ ሳይሏት ሁለቱንም አስታቀፏት። መመሪያዎ እስከዚያ ድረስ እንዳልደረሰ ገምቻለሁ። እናትም ልጆችም ደህና ናቸው፤ ትናንት ወደ ቤታቸው መልሻቸዋለሁ።

ታዲያ ኩሽኔታው ከየት ተገኘ ብለው እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። ለአንድ ኩሽኔታ ሦስት ሳምንት ለታገሰ ሰው እስከ ፊርማዬ ድረስ መታገስ አያቅትዎትምና፣ መልሱን ከታች አኑሬልዎታለሁ።

የሥራ ዘመንዎን ያርዝምልኝ እንዳልል ይህን የሚያነቡት የሥራ ባልደረቦቼ ይቀየሙኛል፤ እንዲያጥር እንዳልመኝ ደግሞ አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም። ስለዚህ መካከለኛውን እመኝልዎታለሁ።

ሁልጊዜ ደጅዎን ጠኚ፣ የቅጾችዎ አክባሪ፣ የዕቃ ቤትዎ ሽቦ የግንባሩን ቅርፅ ያወቀው፣
ታዛዥዎ የአምቡላንስ ሾፌር

ማስታወሻ፦ ወደ ሥልጠናው በአውቶቡስ ስለ ሄዱ፣ ነጯ መኪናዎ ከቢሮዎ ጀርባ በዛፉ ጥላ ሥር ሸራዋን ለብሳ አርፋ ነበር። መንትያ ለመንትያ ካልደረሰ ማን ይደርሳል? የእርስዎዋ ሞዞ እንደ እኅቷ አላስቸገረኝም፤ ጭቃ የሚባል ነገር አይታ ስለማታውቅ አንዴ ነካ ሳደርገው እጄ ላይ ወጣ። አብሮኝ የመጣው የጤና ጣቢያችን ጥበቃ ምንም አላየም፤ ክሪኩን ሲያቀብለኝም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነውና ለሚወስዱት እርምጃ መሪው ላይ ያገኙኛል። ሸራውን ሲገልጡ በሦስት ጎማና በአንድ ድንጋይ ላይ ብትቆም እንዳይደነግጡ፤ ከዚያ በቀር ደንብዎን አንድም አልተላለፍኩም፤ አዲሱን እንደ ወሰድኩ አሮጌውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በሦስት ኮፒ ከሞላሁት ቅጽ ጋር፣ በወንበርዎ ላይ መልሻለሁ። ያንኑ ይዘው ወደ ዕቃ ቤት ጎራ ቢሉ አራቱ አዳዲሶች አሁንም በመደርደሪያው ላይ ናቸው። ሲያስረክቡ ግን ይቆጠራል፤ ሃያ ነው። ሃያ አንደኛዋ ፍሬ በጥበቃው ጫማ ሶል ውስጥ ተሰክታ ትናንት ተገኝታለች፤ አሁን ልብስ ሰፊዋ በሰፋችልኝ የደረት ኪስ ውስጥ በክብር ተቀምጣለች። አሮጌውን መመሪያ ይዘው ሲመጡ እሰጥዎታለሁ።