ወንዙን ከአልጋ ላይ

የካቲት 3
ዛሬም ወረድኩ። ድልድዩ ሥር፣ ቁጥር የተጻፈበት ብረት ላይ ውሃው 46 ሳንቲሜትር ይላል። ደብተሩ ላይ አሰፈርኩ። የአባዬ ሥራ ነበር። ከሰው ጋር ማውራት ስለማይጠይቅ ወድጄዋለሁ።

የካቲት 5
ተመራማሪዋ ከከተማ መጣች። ኮምፒውተሯን ጠረጴዛችን ላይ ዘረጋች። የአባዬን የሃያ ዓመት ደብተሮች አንድ በአንድ ታስገባለች። ያለፈውን ከነገርነው የሚመጣውን ያሰላል አለች... ሙቀቱን፣ ዝናቡን፣ ወንዙን።
«ጋሼ፣ የእርስዎ ቁጥር እኮ ወርቅ ነው!»
አባዬ ጋቢውን ወደ አገጩ ሳበ። እኔ ደብተር አቀብላለሁ።
«አንቺስ፣ ምላስሽን ቤት ረሳሽው?» አለችኝ።
ቤት እኮ ነኝ።

የካቲት 6
ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። ሆዴ አልቻለም፤ እዚህ ልጻፈው።
አባዬ እግሩ ከተያዘ ሁለት ዓመቱ። እኔ መውረድ የጀመርኩት ደግሞ ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ፣ በኅዳር። የመሃሉ ቁጥር ሁሉ ከአልጋ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ዓይኑን ጨፍኖ ወንዙን ያዳምጥና «ሃምሳ ሁለት» ይል ነበር። እጽፍ ነበር።
«ከተናገርሽ ስሜ ጠፋ» አለኝ። «ደግሞስ መች ተሳሳትኩ?»
እስቲ አልኩት። አዳመጠ። «አርባ አምስት።»
ወርጄ አየሁ። 45።

የካቲት 9
ኮምፒውተሩ ያወጣውን የወንዙን ስዕል አሳየችን። ሰማያዊው መስመር ዝቅ፣ ዝቅ... ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በየካቲት፣ ዜሮ ይነካል።
«እንዲህ ሊሆን ይችላል ነው እንጂ፣ እርግጥ ነው አላልኩም» አለች።
አባዬ መስመሩ የሚያልቅበትን በጣቱ ነካው። ቶሎ አላነሳውም።

የካቲት 10
ጠዋት አዳመጠ። ቆየ።
«ዜሮ ጻፊ።»
ሳቅኩ። አልሳቀም።
«አይሰማም ልጄ። ድንጋይ ብቻ ነው።»
ሮጬ ወረድኩ። 44። ውሃው ይጮሃል።
ጆሮው ይሆን? ግን እማዬ ጓዳ ሆና በሹክሹክታ «ይኼ ሰውዬ ጃጀ» ስትል፣ «አንቺ ነሽ የጃጀሽው!» ብሎ መለሰላት።

የካቲት 12
ዛሬም ዜሮ አለ። ከዚያ «ሰዉ ሁሉ የት ሄደ?» አለኝ።
በራችን ላይ ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው እያወሩ ያልፋሉ። የሚሰማው ያ ጣቱን ያሳረፈበት የካቲት ይሆን?

የካቲት 13
ለተመራማሪዋ ነገርኳት። በዕድሜዬ ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም። የሁለቱ ዓመት ቁጥር ከአልጋ ነው፣ የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው አልኳት።
አልተቆጣችም። ያንን አውጥታ እንደገና አሰላች። ስንጠብቅ አባዬ ወደ ግድግዳው ዞረ።
መስመሩ ያው። ያው ቦታ ላይ ዜሮ ነካ።
«ከእንግዲህ ለኪዋ አንቺ ነሽ» ብላ ደብተሩ ላይ የአባዬን ስም ሰርዛ የኔን ጻፈች። እሱ አላናገረኝም።

የካቲት 20
አባዬ ዛሬ አናገረኝ። «ተመለሰ» አለ፣ ፊቱ በርቶ። «ትሰሚዋለሽ? አርባ አንድ።»
አዳመጥኩ። ምንም።
ወረድኩ። ብረቱ ላይ 41። ውሃው ድንጋዩን እየመታ አረፋ ይደፍቃል... ድምፅ የለውም። እግሬን ነከርኩ። ይቀዘቅዛል። አንዲት ሴት ከማዶ ጀሪካኗን ትሞላለች፤ አፏ ይንቀሳቀሳል። እኔን እየጠራች ይሆን?
ደብተሩ ላይ፣ ከስሜ ሥር፣ 41 ብዬ ጻፍኩ። ያየሁትን።
የሰማሁትን እዚህ ልጻፍ። ዜሮ።